ሬንጁን ላጡት

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሆሳዕና ጋራዦች ሽታ ይለወጣል። በቁራጭ በርሜል እሳት ላይ የተጣደ ሬንጅ ይሸታል። ለያሆዴ በዓል ወደ ሀዲያ፣ ለመሳላ በዓል ወደ ከምባታ የሚገባው ሕዝብ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ባለ ሚኒባሶች መኪናቸውን ያሰናዳሉ፤ ላዩ ይታጠባል፣ ሥሩ ሬንጅ ይቀባል። ሬንጅ የተወደደበት ደግሞ ከሞተር የወረደ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ ያስነፋል። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ያያል። ከሥር ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ወጥ፣ የሚያብለጨልጭ ሆኗል። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ልቡ አርፎ ይሄዳል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የልቡ ማረፍ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ የድሮ መኪና አያድንም፤ ይገድላል። ሁለት የዛጉ ሚኒባሶች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አንዱ ሥሩ ባዶ፣ ሌላው ሬንጅ የጠጣ ቢሆን፣ ቀድሞ የሚበሰብሰው ሬንጅ የጠጣው ነው። መበስበሱንም ማንም አያይም።

ሬንጅ የሚያስቀቡ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ክርክራቸውን በሙሉ ክብደቱ ላስቀምጠው። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኘው ነው፤ ሬንጅና ዘይት ውሃ አያስገቡም፤ ስለዚህ የተሸፈነ ብረት አይዝግም ይላሉ። ዝገት የምፅዋና የጅቡቲ በሽታ ነው፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የምንኖር ደገኞችን ምን አገባን ይላሉ። የድሮ መኪና ብረቱ ብረት ነው፣ እንደ ዛሬው አይደለም ይላሉ። አባቶቻችን ፊያት ኤን ትሬያቸውን ሥሩን በተቃጠለ ዘይት እየቀቡ ዕድሜ ልካቸውን ነድተውታል ይላሉ። በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን ያነሣሉ፤ መኪና ጋራዥ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቀን እንጀራ የሚታጣበት ቀን ነው። ሬንጅ በግማሽ ቀን ያልቃል። ዝገት አስልጣለሁ ብትል ሳምንት ትቆማለህ።

የተሸፈነ ብረት አይዝግም ማለት እውነት ነው፤ ሲሸፈን ንጹሕና ደረቅ ከነበረ። በልግ ከመጋቢት ጀምሮ ያራሰው፣ ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ያጠበው መኪና በነሐሴ መጨረሻ ሥሩ ንጹሕ ነው? ደረቅ ነው? የዓመቱን እርጥብ ጊዜ ጠብቀን፣ ብረቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ ክዳን እንገጥምበታለን። ዝገት ብረትን የሚጠብቅ ልባስ አይደለም። አሉሚኒየም ላዩ ላይ የሚያበቅለው ስስ ሽፋን ውስጡን ይጠብቅለታል፤ የብረት ዝገት ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚጠጣ፣ ጨውና አፈር የሚይዝ ነገር ነው። ሲዝግም ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከሬንጁ ሥር ቅርፊት እየሠራ ሬንጁን ከብረቱ ያላቅቀዋል። ሬንጁ በበኩሉ በሌሊቱ ብርድ ይጠነክራል፣ ኮረኮንቹ ላይ በጠጠር ይመታል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያህል ይበቃዋል። ውሃ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ባዶው ብረት ዝናብ ባባራ በጥቂት ሰዓት ነፋስ ያደርቀዋል፤ የተሸፈነው ውሃውን አቅፎ ይከርማል።

ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው አለ እንዴ? ቤቱ ያፈሰሰበት ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ሬንጅ ለጥፎ ያውቃል። ስንት ክረምት ቆየለት? በሚቀጥለው ዓመት ቀዳዳው ከሬንጁ ጎን ሰፍቶ ይገኛል። ለጣሪያችን ያላመንነውን ነገር አሥራ ሁለት ሰው ለሚጭን መኪና ለምን እናምነዋለን?

እኔ ይህን የተማርኩት በቤተሰቤ ገንዘብ ነው። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ባጠራቀመው ብር የተገዛ፣ ሆሳዕናና ዱራሜ መካከል የሚሠራ የድሮ ቶዮታ ሃይስ ነበረን። በየዓመቱ ሬንጅ እናስቀባዋለን። በስድስተኛው ዓመት የኋላ በሩ አልዘጋ አለ። በሩን ለማቃናት መኪናውን የወሰድነው አንድ አዛውንት ባትላሜራ ዘንድ ነው፤ እሳቸው በሩን ዞር ብለውም አላዩት። የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ገቡና ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው በተሳፋሪው መውጫ ሥር ያለውን ሳጥን ብረት ነካ አደረጉት። ካቻቢቴው ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ።

«ጋሼ፣ ሬንጁ ግን ምንም አልሆነም እኮ» አልኳቸው።

«ሬንጁማ ምን ይሆናል ልጄ» አሉኝ። «የሄደው ብረቱ ነው።»

የሬንጁን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ሳቡት። ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሳይበጠስ ተልጦ ወረደ፤ ከጀርባው ቡናማ ቅርፊት ተለጥፎበታል፣ ከቅርፊቱ ሥር ቀይ አፈር። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ ዝናብ ካየን ቆይተናል። አፈሩን በጣቴ ጨመቅሁት፤ ረጥቧል። በሩ አልዘጋ ያለው ተጣሞ አልነበረም፤ ወለሉን የሚሸከሙት ብረቶች ተበልተው መኪናው ከወገቡ ስለጎበጠ ነው። በዚያው ቀን የፍሬን ቱቦውንም አየነው። በሬንጁ ውስጥ ቀጥ ብሎ የታሰረ ይመስላል፤ ሬንጁ ሲነሣለት ግን ገላው ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። የሰው እናትና ልጅ ጭነን ቁልቁለት ስንወርድ የከረምነው በዚያ ቱቦ ነው። ላይ ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

ዝገት የባሕር ዳር አገር በሽታ ነው ለሚሉ፦ ጨው ዝገትን እንደሚያጣድፍ አልክድም። ግን የኛ የድሮ ሚኒባሶች ከየት መጡ? ብዙዎቹ አውሮፓና ዓረብ አገር አገልግለው፣ በመርከብ ተጭነው፣ በጅቡቲ ወርደው ነው የመጡት። የአውሮፓ መንገድ በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ ጨው ይበተንበታል። ያ ጨው በመጋጠሚያው ውስጥ ተቀብሮ አብሮ መጥቷል፤ በሽታውን ከነሥሩ ገዝተነዋል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የገዛ አፈራችን ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የገባ ሁሉ ቀዩን ጭቃ ያውቀዋል፤ ጎማ ቤት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይጋገራል፣ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። ከዚያም ጭነቱ አለ። ገበያ ቀን ስንቱ ኬሻ ዋሳ (የእንሰት ቆጮ) ነው ሚኒባስ ወለል ላይ የሚጫነው? እንሰት ብልሃቱ መብላላቱ ነው፤ ሲብላላ ይኮመጥጣል፣ ከኬሻው የሚንጠባጠበው ውሃ አሲድ ነው። ከምንጣፉ ሥር ይገባል፣ ወለሉን ከላይ ወደ ታች ይበላዋል። ከታች የተቀባ ሬንጅ ለዚህ ምን ያደርግለታል? ደገኛነታችን ከዝገት አላዳነንም፤ መንገዱን ለየት አደረገብን እንጂ።

የድሮ ብረት ጠንካራ ነው የሚለው ደግሞ ሁለት ነገር ያምታታል። ፊያት 682 ኤን ትሬ ሻንሲው ለብቻው የቆመ ወፍራም ብረት ነው፤ አካሉ በላዩ የተጫነ ነው። እዚያ ላይ ዝገት ለዓመታት ቢቀመጥም የሚበላው ሞልቶለታል። ሚኒባስ ግን እንዲህ አይደለም። ወለሉ፣ ጎኑ፣ ደረጃው፣ የሥሩ ሳጥን ብረቶች በብየዳ ተያይዘው አንድ ላይ ነው ክብደት የሚሸከሙት፤ ላሜራው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ኤን ትሬው ላይ ጭረት የሆነ ነገር እዚህ ቀዳዳ ነው። ደግሞ የድሮ መሆኑ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ፋብሪካዎች የመኪና ላሜራን ዚንክ ማልበስ በስፋት የያዙት ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወዲህ ነው። ሃይስ መሠራት የጀመረው በዚያው አቆጣጠር በ1967 ነው፤ የቮልስዋገን ኮምቢ ደግሞ ከ1950 ጀምሮ። የዚያ ዘመን ቫኖች አብዛኞቹ ከቀለም በቀር ልብስ የላቸውም። ዛሬ በአውሮፓ የድሮ ኮምቢ የሚያድስ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሣው መሣሪያ መላጫ ነው፤ የቀድሞ ባለቤቶች ደራርበው የቀቡትን ጥቁር ነገር ሳያነሣ ብረቱን አያምነውም።

የተቃጠለው ዘይት ጉዳይ የከፋ ነው። ዘይቱ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከቃጠሎው አሲድና ውሃ፣ ከሚፋጩት ብረቶች ብናኝ ይሰበስባል። የምንቀይረውስ ለዚህ አይደል? ሞተሩ አልፈልገውም ያለውን ቆሻሻ ነው መድኃኒት ብለን ወለሉ ላይ የምንነፋው። የባሌስትራውን ጎማ ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። የሚያጣብቅ ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር እርጥበት የሚይዝ ልጥፍ ይሠራል። የቀረው ከጎማው በሚረጭ ውሃ ይታጠብና ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ሰው ጓሮ ይወርዳል። የሚነፋው ልጅ ደግሞ በባዶ እጁ ነው፣ አፉንም አልሸፈነ። በዚህ ዘይት ውስጥ ቆዳን ደጋግመው ሲነኩ ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮች አሉ። አባቶቻችን ያደረጉት ሌላ ስላልነበራቸው ነው፤ ሻንሲያቸውም ወፍራም ስለነበር ጥፋቱ አልታየባቸውም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። አዲስ ሬንጅ ብዙ ጊዜ ለዝገቱ ሳይሆን ለዐይን ነው የሚቀባው። ቦሎ ሊታደስ ሲል ይቀባል፤ መኪና ሊሸጥ ሲል ይቀባል። የድሮ ሚኒባስ ልትገዙ ሄዳችሁ ሥሩ ትናንት የተቀባ ከሆነ፣ ሻጩ አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ እንዲልጥላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ እንጀራው። ይህን ክርክር አላቃልለውም፤ በየቀኑ ለባለቤት ገቢ የሚያደርግ ሹፌር፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ባለቤት፣ ሳምንት ቁሙ ሲባል የሚሰማውን አውቀዋለሁ። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ድሮ መኪና ሲበሰብስ «ሽጠህ ሌላ ግዛ» ይባል ነበር። ያ በር ተዘግቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የመለዋወጫ ዋጋ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይጠገናል፣ ፍሪሲዮን ይገዛል። የበሰበሰ አካል ግን ምን ይደረጋል? የድሮ ሃይስ ዕድሜ የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ላሜራ ነው። ሳምንት ማቆም ያልቻለ ሰው ለዘላለም ሊያቆም ነው። ደግሞ እኮ ሳምንቱን አንድ ጊዜ ነው የሚከፍለው፤ የሬንጁን ግማሽ ቀን ግን በየዓመቱ ይከፍላል፣ በመጨረሻም መኪናውን ይከፍላል። የድሮ ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ያለው እንዲህ ላለው ነው።

ጊዜው ነሐሴ አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው። መኪናው ከሥሩ በኃይለኛ ውሃ ይታጠብ፣ ጎማ ቤቱ ውስጥ የተጋገረው ጭቃ ሁሉ ይውጣ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። የድሮው ሬንጅ በመላጫና በነጭ ጋዝ ይነሣል። አድካሚ ሥራ ነው፣ አቋራጭ የለውም። ግራይንደር ላይ በተገጠመ የሽቦ ብሩሽ ቅርፊቱ ይራገፍ፤ ዐይንም አፍም ተሸፍኖ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዞ እያንዳንዷን መጋጠሚያ፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታ፣ የፍሬን ቱቦውን መታሰሪያ መንካት ነው። የገባበት ቦታ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም። ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ይቆረጥና አዲስ ላሜራ በብየዳ ይግባ፤ ከብየዳው በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅ ታንከሩ ይውረድ። በተበላው ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ በሪቬት መምታት ሬንጁን በብረት መተካት ነው፤ መሃሉ ላይ ውሃ ይቀመጣል። የቤት ቆርቆሮ ቆርጦ መበየድም አይሆንም፤ የዚንኩ ጭስ በያጁን ይመርዘዋል።

ብሩሽ ያልደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መድኃኒት ይለውጠዋል። ሲደርቅ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ መጋጠሚያው ላይ ለመኪና የተሠራ ማስቲሽ። ሱቅ ውስጥ ያለው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከን አይደለም፤ ያ ሽታ አሲድ ነው፣ ብረቱን ራሱ ዝገት ያስጀምረዋል። በመጨረሻ ቀለም። ከዚህ በኋላ፣ በንጹሕና በደረቅ በተቀባ ብረት ላይ፣ ስስ ሬንጅ የሚጨምር ሰው ካለ አልጣላውም። ጥሌ ከሬንጅ ጋር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ከማጥፋት ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደፈን፤ በሳጥን ብረቶቹ ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች። ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ውሃ እንዲወርድባቸው ነው። ሬንጅ ቀቢ ግን ቀዳዳ ሲያይ ይደፍናል፤ ሥራውን ያሳመረ ይመስለዋል። ሳጥኑ ያኔ ጋን ይሆናል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል፤ የኛ ሃይስ ላይ ካቻቢቴው የገባበት ቦታ እንዲህ የተደፈነ ነበር። ቀዳዳዎቹ በሽቦ ተከፍተው ከውስጥ የቀለጠ ሰም በቀጭን ዘይት አቅጥኖ መንፋት ነው የሚሻለው፤ እንዲህ የቀጠነ ሰም አይሰነጠቅም፣ ወደ መጋጠሚያው ይሰርጋል።

እዚህ ይህን የሚሠራ የለም ይሉኛል። አለ እንጂ! በዚህ አገር ባዶ የአይሱዙ ሻንሲ ተቀብለው በመዶሻ ሙሉ አውቶቡስ የሚያወጡ፣ ቅጥቅጥ የሚለውን ስም ለመኪና የሰጡ እጆች አሉ። የኛን ሃይስ ያዩት አዛውንት በዘጠኝ ቀን ወለሉን አንድ በአንድ ቆርጠው መልሰው ሠሩት። ሲጨርሱ ሬንጅ አልቀቡትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው በየወሩ ጎንበስ ብዬ እንዳየው ነገሩኝ፤ ግራጫ አንቲረስት ላይ የምትወጣ አንዲት ቀይ ነጥብ ከሩቅ ትታያለች፣ ጥቁር ላይ ግን አትታይም። ባለሙያው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚተወው ስለማይችል አይደለም። የሚጠይቀው ደንበኛ ስለሌለ ነው። ደንበኛው ሬንጅ ይላል፤ እሱም ሬንጅ ይቀባል።

ስለዚህ ለመጪው ነሐሴ ሬንጁ ይቅርባችሁ። መኪናው ለያሆዴም ለመሳላም ሥሩ ቀይ ሆኖ ይሥራ፤ ቀይ መሆኑን ታዩታላችሁና። ጥቅምት ሲገባ ግን አቁሙት፣ ካቻቢቴ ይዛችሁ ግቡ፣ ያለፉትን ዓመታት ሬንጅ ሁሉ ላጡት፣ የምታዩትንም እዩት። የተሳፋሪው ወንበር ብሎን የታሰረው በዚያ ወለል ላይ ነው።